ምዕራፍ 7፦ የተሰበረ አፍንጫ ሲቃና

ፊት ላይ ካሉት አጥንቶች ሁሉ በብዛት የሚሰበረው የአፍንጫ አጥንት ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ፊት የወጣው እሱ ነው፣ ስስም ነው። ኳስ ሜዳ ላይ የተሰነዘረ ክርን፣ የሞተር ብስክሌት አደጋ፣ የምሽት ቡጢ፣ በገና ጨዋታ አቅጣጫውን የሳተ ዱላ፣ ሁሉም ቀድመው የሚያገኙት አፍንጫን ነው። ደሙ ይፈስሳል፣ ይቆማል፤ ሰውየው መስታወት ፊት ሲቆም አፍንጫው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ከዚያ በኋላ ካርድ አውጥቶ ወረፋ እስኪደርሰው ድረስ በልቡ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሲመልሱት ምን ያህል ያመኛል?

በደንብ ከደነዘዘ ብዙም አያምም። የሚያስቸግረው በደንብ ማደንዘዙ ነው፤ አፍንጫ እንደ ጥርስ በአንድ መርፌ የሚሸነፍ ቦታ አይደለም። ሙሉ ሰመመን ሳይሰጥ፣ ታካሚው ነቅቶ እያወራ አፍንጫውን ማቃናት ይቻላል፤ በብዙ አገሮች በየቀኑ ይሠራል። ሥራው አምሮ የሚወጣው ግን ሐኪሙ መድኃኒቱን የት የት እንደሚያኖር ካወቀ፣ ካኖረ በኋላም እጁን ሰብስቦ መጠበቅ ከቻለ ነው። የሁለተኛውን ያህል የሚዘለል ነገር የለም።

መቼ ይቃናል?

በተመታ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሰዓታት ውስጥ፣ እብጠቱ ሳይነሣ ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው ዕድለኛ ነው። መጣመሙ በግልጽ ይታያል፣ አጥንቱም ገና ልቅ ነው። ሜዳ ዳር የሚቆሙ የስፖርት ሐኪሞች አንዳንዴ ያለ ምንም ማደንዘዣ በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው የሚመልሱት ያኔ ነው። ያ ጊዜ ካመለጠ ፊቱ ያብጣል፣ የዓይን ሥር ይጠቁራል፤ የቱ እብጠት የቱ መጣመም እንደሆነ መለየት ስለሚያስቸግር ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጊዜው መጥበብ ይጀምራል። አዋቂ ላይ ከሁለት ሳምንት፣ ልጅ ላይ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ አጥንቱ በተጣመመበት መያያዝ ይጀምራል፤ በእጅ መመለሱም እየከበደ ይሄዳል።

ራጅ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። የድሮ ስብራትና የአጥንቱ የተፈጥሮ መገጣጠሚያ ከአዲሱ መስመር ጋር ይምታታሉ፤ ራጁ ላይ ምንም ይታይ ምን፣ ውሳኔው የሚመጣው ከሐኪሙ ዓይንና ጣት ነው። ከራጅ ይልቅ ከአደጋው በፊት የተነሣ ፎቶ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ መታወቂያም ቢሆን። ብዙ ሰው ከመመታቱ በፊትም አፍንጫው ትንሽ ጠመም ያለ ነበር፤ እሱ ራሱ አያውቀውም እንጂ።

የማይጠበቅለት ነገር ግን አለ። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች በሚለየው የመሐል ግድግዳ ላይ ደም ከተቋጠረ ጉዳዩ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ግድግዳው በአብዛኛው ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉት ለስላሳ አጥንት ነው፤ የራሱ ደም ሥር የለውም፣ የሚመገበው ከላዩ ከተለበጠው ስስ ሽፋን ነው። በመሐላቸው ደም ሲገባ ሽፋኑ ይላቀቃል፣ ለስላሳው አጥንት ይራባል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መግል ይዞ ሊሞት ይችላል፤ የአፍንጫው ድልድይም ይሰረጉዳል። ስለዚህ የተመታ አፍንጫ ሁሉ ውስጡ በመብራት መታየት አለበት። በግድግዳው ላይ ሰማያዊ ወይም ቀይ፣ ሲነኩት ለስለስ ያለ እብጠት ካለ ይቀደዳል፣ ደሙ ይወጣል። እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከአፍንጫ የሚንጠባጠብ ከሆነም ነገሩ ከአፍንጫ አልፏል፤ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል አፍንጫውን ማቃናት ለሌላ ቀን ይቆያል።

ሁለት በር ያለው ሕመም

የፊታችንን ሕመም ወደ አንጎል የሚያደርሰው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው፤ ትራይጀሚናል ይባላል። በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት ትላልቅ ቅርንጫፎች አሉት፤ አፍንጫ ያለው በሁለቱ ድንበር ላይ ነው። ድልድዩና ጫፉ የላይኛው ቅርንጫፍ ድርሻ ነው። ጎኑ ደግሞ ከዓይን በታች ባለች ትንሽ የአጥንት ቀዳዳ ለሚወጣው የመካከለኛው ቅርንጫፍ ነው። ይኸው ክፍፍል ወደ ውስጥም ይቀጥላል፤ የላዩና የፊቱ ክፍል ለአንዱ፣ የኋላውና የታቹ ለሌላው።

ከነዚህ ሁሉ አንዲቱን ክር ለብቻዋ ማወቅ ይጠቅማል። የፊተኛዋ ኤትሞይዳል ነርቭ ከአፍንጫ ጣሪያ ተነሥታ በአጥንቱ የውስጥ ገጽ ላይ ትወርዳለች፤ አጥንቱ አልቆ ለስላሳው አጥንት በሚጀምርበት መስመር ሾልካ ወደ ውጭ ትወጣና ከቆዳው ሥር እስከ አፍንጫ ጫፍ ትደርሳለች። አንዲቱ ነርቭ የውስጡንም የውጩንም ሕመም ትሸከማለች ማለት ነው። ውጩን ብቻ ወግቶ የተሰበረውን አጥንት በብረት ከውስጥ የሚያነሣ ሐኪም ታካሚው ከወንበሩ ቢዘል ሊገርመው አይገባም። ውስጡን ብቻ ረጭቶ በአውራ ጣቱ ከውጭ የሚጫነውም እንዲሁ።

በዚያ ላይ አፍንጫ ደም የሞላው ቦታ ነው። ስለዚህ ማደንዘዣው ሁለት ሥራ ይጠበቅበታል፤ ሕመሙን ማጥፋትና ደም ሥሮቹን ማኮማተር። ደም ሥሮቹ ሲኮማተሩ መድማቱ ይቀንሳል፣ ያበጠው ሽፋን ይሰበሰባል፣ ሐኪሙም የሚሠራበትን ያያል። ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚሠራ የታወቀ መድኃኒት አንድ ነው፦ ኮኬይን።

ከቪየና እስከ ስቶክሆልም

እ.ኤ.አ. በ1884 ካርል ኮለር በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት ሐኪም ነበር። ባልደረባው ሲግመንድ ፍሮይድ፣ አዎ፣ ኋላ በሕልም ፍቺ ስሙ የገነነው፣ ኮኬይን ድካምን ስለማስወገዱና ስሜትን ስለማነቃቃቱ ያጠና ነበር። ዱቄቱ ምላስን እንደሚያደነዝዝ ብዙዎች ያውቁ ነበር፤ ከዚያ አልፎ ያሰበበት ግን ኮለር ነው። የዓይን ሐኪም የመሆን ምኞት ስለነበረው ምላስን ያደነዘዘ ነገር ዓይንንም ሊያደነዝዝ ይችላል ብሎ እንቁራሪት ላይ ሞከረው። ቀጥሎ ጥንቸልና ውሻ ላይ፣ በመጨረሻም መስታወት ፊት ለፊት አድርጎ የገዛ ዓይኑን በስፒል ራስ ነካው፤ አላመመውም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሃይደልበርግ ከተማ ለተሰበሰቡ የዓይን ሐኪሞች ግኝቱ ሲነበብ ኮለር በቦታው አልነበረም። ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ያነበበለት ሌላ ሐኪም ነው። በዚያው ሰሞን ሌላው የቪየና ሐኪም ኤድመንድ የሊነክ መድኃኒቱን ለጉሮሮና ለማንቁርት አዋለው፤ ከአንገት በላይ ሐኪሞችም ከዚያ ወዲህ ከእጃቸው አላወጡትም።

ዋጋው ወዲያው ታወቀ። በኒው ዮርክ ኮኬይንን ወደ ነርቭ ግንድ በመርፌ መስጠትን ያስተዋወቀው ታላቁ ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ በራሱ ላይ ሲሞክር ሱሰኛ ሆኖ ቀረ። መድኃኒቱ ልብንም ያስቸግራል፤ ግፊት ያሻቅባል፣ የልብን ምት ያዛባል፣ የልብን የራሱን ደም ሥሮች ያኮማትራል። ያም ሆኖ እንግሊዛዊው ሞፌት በ1941 ኮኬይንን ከአድሬናሊንና ከሶዲየም ባይካርቦኔት ጋር ቀላቅሎ፣ የታካሚውን ጭንቅላት እያዘነበለ ወደ አፍንጫ የሚያንጠባጥብበትን ዘዴ አሳተመ፤ በስሙ የሚጠራው ቅልቅል ለብዙ አሥርተ ዓመታት አገልግሏል። ዛሬ ኮኬይን በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ስለሆነ በብዙ ቦታ ከመደርደሪያው ወርዷል።

የተካው ሊዶካይን ነው። በ1943 ስቶክሆልም ውስጥ ኒልስ ሎፍግሬን አዘጋጀው፤ ወጣቱ ባልደረባው ቤንግት ሉንድክቪስት በራሱ ገላ ላይ ሞከረው፤ በ1948 ለገበያ ቀረበ። በአገራችን ጤና ጣቢያ ውስጥ ቁስል ተሰፍቶለት ወይም ጥርሱን ተነቅሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊዶካይንን በገላው ያውቀዋል። ለአፍንጫ ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ደም ሥርን ያሰፋል እንጂ አያኮማትርም። ስለዚህ አጋር ይሰጠዋል። በመርፌ ሲሆን አድሬናሊን፤ በርጭት ወይም በተነከረ ጎዝ ሲሆን አድሬናሊን፣ ፌኒሌፍሪን፣ ወይም ለተዘጋ አፍንጫ ከፋርማሲ የምንገዛቸው ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን። አጋሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ ደም ሥሩ ሲጠብ ሊዶካይኑ ቶሎ ታጥቦ አይሄድም፣ ድንዛዜውም ይረዝማል።

አድሬናሊን አፍንጫና ጣት ላይ አይወጋም፣ ሥጋውን ይገድለዋል የሚል ትምህርት ለብዙ ትውልድ ሐኪሞች ተሰጥቷል። ለአፍንጫ እውነት አይደለም። ከአንድ ለመቶ ሺህ እስከ አንድ ለሁለት መቶ ሺህ በቀጠነ መጠን በየዕለቱ አፍንጫ ላይ ይወጋል፤ አፍንጫ ደም ከሁሉም አቅጣጫ የሚደርሰው ቦታ ነውና።

ወንበሩ ላይ

ታካሚው ጀርባው ደገፍ ብሎ ይቀመጣል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው መርፌ ሲያይ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ወጣትና ጡንቸኛ ወንዶች ከሁሉም በላይ። የረጋው ደም በመምጠጫ ይወጣል፤ መድኃኒቱ ደም ላይ ቢፈስስ ሽፋኑን አያገኘውምና። ከዚያ ይረጫል፣ ጥቂት ይጠበቃል፣ ቀጫጭን የጎዝ ቁራጮች ወይም ጥጥ በመድኃኒቱ ተነክረው፣ ተጨምቀው፣ በየቀዳዳው ይገባሉ። አንዱ ከአጥንቱ ሥር ወደ ጣሪያው፣ ኤትሞይዳሏ ወደምትወርድበት፤ ሌላው ወደ ኋላ፣ የመካከለኛው ቅርንጫፍ ክሮች ወደሚገቡበት። ጎዙ ሳይጨመቅ ከገባ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። መራራ ነው፤ ጉሮሮንም ያደነዝዛል። ያልተነገረው ሰው መዋጥ ያቃተው ይመስለዋል፣ ይደነግጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ መንገር ይበቃ ነበር።

አሁን ነው መጠበቅ የሚያስፈልገው፤ አሥር ደቂቃ ያህል። ሊዶካይኑ ቶሎ ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ደም ሥሮቹ ግን በደንብ የሚኮማተሩት ዘግይተው ነው። ውጭ ሠላሳ ሰው በሚጠብቅበት ክፍል ይህን ያህል እጅ አጣጥፎ መቆም ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም «ሎካሉ (የቦታ ማደንዘዣው) አልሠራለትም» ከሚባልላቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ ጊዜ ያልተሰጣቸው ናቸው የሚል እምነት አለኝ።

መርፌው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ልምድ ያለው ሐኪም ከቀዳዳው ውስጥ፣ አስቀድሞ ከደነዘዘው ሽፋን ይጀምራል፤ መርፌውን በአጥንቱ ላይ ወደ ላይ እየገፋ ቀስ እያለ ይሰጣል። ቀጥሎ በአፍንጫው ሥር፣ ከዓይኑ የውስጥ ጥግ አጠገብ፣ ከዚያም ከዓይን በታች የመካከለኛው ቅርንጫፍ ወደሚወጣባት ቀዳዳ። በየቦታው ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሊትር ይበቃል። ብዙ ከተሰጠ አፍንጫው በመድኃኒቱ ራሱ ያብጥና መቃናቱን ማየት አይቻልም።

ከሙሉው ሥራ የሚያመው ይህ መርፌ እንደሆነ ታካሚዎች ይናገራሉ፤ ማሳነስ ግን ይቻላል። ሊዶካይን፣ በተለይ አድሬናሊን የተጨመረበት፣ አሲድነት ስላለው ያቃጥላል፤ ለዘጠኝ ወይም አሥር ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ሊትር 8.4 በመቶ ሶዲየም ባይካርቦኔት ቢጨመር ማቃጠሉ ይቀንሳል። ብልቃጡን በእጅ ማሞቅ፣ ቀጭን መርፌ መጠቀም፣ ከሁሉም በላይ አለመቸኮል ይረዳል። መርፌ የሚፈራ ሰው ውጩን በሊዶካይንና በፕሪሎካይን ቅባት ማደንዘዝም ይቻላል፤ ቅባቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ወደ ዓይን እንዳይገባም ይጠበቃል። ከውስጥ ርጭት ጋር ተደምሮ ለቀላል ስብራት ሊበቃ ይችላል፤ ገባ ብሎ ለተሰረጎደ አጥንት ግን አልመክረውም።

ከዚያ ሐኪሙ ይሞክራል።

«አሁን ምን ይሰማሃል?»

«መነካቱ ይሰማኛል ዶክተር፤ ግን አያመኝም።»

«ጥሩ። አሁን ስገፋ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማለህ። ድምፁን ማደንዘዝ አልችልም፤ እንዳትደነግጥ።»

ይህ ንግግር ከመድኃኒቱ እኩል ይሠራል። የቦታ ማደንዘዣ የመውጋትና የመቁረጥ ሕመምን ያጠፋል፤ ግፊትንና መነቅነቅን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። የአጥንቱ ድምፅ ደግሞ በራስ ቅል በኩል ቀጥታ ወደ ጆሮ ስለሚሄድ ለታካሚው ለሐኪሙ ከሚሰማው በላይ ይጎላል። ይህን ያላወቀ ሰው ግፊቱን ሕመም ነው ብሎ ይተረጉመዋል።

መግፋቱ ራሱ ከደቂቃ አያልፍም። ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው በቡጢ ሲመታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በግራ ጎን ስለሆነ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ሐኪሙ በአውራ ጣቱ ወደ ግራ ይመልሰዋል። ወደ ውስጥ የሰመጠውን ደግሞ ጠፍጣፋ ማንሻ ብረት አግብቶ ያነሣዋል። ብረቱን ከማስገባቱ በፊት በውጭ በኩል ከአፍንጫው ጋር ለክቶ ከዓይን የውስጥ ጥግ መስመር በታች እንዲቀር በጣቱ ይይዘዋል፤ ከዚያ በላይ የአንጎል ወለል ነው።

መጠኑ

ሊዶካይን ከአድሬናሊን ጋር ሲሰጥ ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 7 ሚሊ ግራም፣ ያለ አድሬናሊን እስከ 4.5 ሚሊ ግራም ገደማ ይፈቀዳል። ስልሳ ኪሎ ለሚመዝን ሰው በአድሬናሊን 420 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ በሁለት በመቶው ብልቃጥ 21 ሚሊ ሊትር። ለአፍንጫ የዚህ ግማሽም አያስፈልግም። ስሕተት የሚገባው ርጭቱና ጎዙ ሳይቆጠሩ ሲቀሩ ነው። የአፍንጫ ሽፋን መድኃኒት ቶሎ ይመጥጣል፤ የአራት በመቶው ፈሳሽ በሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም አለው፣ የአሥር በመቶው ርጭት አንድ ጊዜ ሲጫን 10 ሚሊ ግራም ይሰጣል። አሥራ አምስት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ጣሪያው 105 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ ሳይታሰብ ይሞላል። ከመጠን ሲያልፍ ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛሉ፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል፣ ጆሮ ይጮኻል፤ ቀጥሎ መንዘፍዘፍና የልብ መዛባት አለ። ታካሚው ነቅቶ ማውራቱ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ምልክቱን ራሱ ይናገራል።

አጋሮቹም ያለ አደጋ አይደሉም። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት በኦፕራሲዮን ክፍል ፌኒሌፍሪን ተደርጎላቸው ግፊታቸው ያሻቀበ ታካሚዎች ነበሩ፤ ግፊቱን ለማውረድ ቤታ ብሎከር ሲሰጣቸው ልባቸው ደክሞ ሳንባቸው ውኃ ሞላ፣ የሞቱም አሉ። ከዚያ በኋላ በ2000 የወጣው መመሪያ መድኃኒቱ በትንሹ እንዲጀመር፣ ግፊቱ ሲነሣም ቤታ ብሎከር እንዳይሰጥ አሳሰበ። የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ለአፍንጫ ነው የመጣሁት» ብሎ ሳይናገር መቅረት የለበትም።

ማን ይተኛ?

ትንንሽ ልጆች፣ በጣም የሚፈሩ ሰዎች፣ የመሐል ግድግዳቸው አብሮ የተሰበረና የታጠፈ፣ ስብራታቸው የደቀቀ ሰዎች በሙሉ ሰመመን ቢሠሩ ይሻላል። በእንግሊዝ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990 ሁለቱን መንገዶች ያነጻጸሩ ሐኪሞች በውጤቱ የጎላ ልዩነት አላገኙም። በ2015 የታተመ የብዙ ጥናቶች ጥምር ትንታኔ ደግሞ በሙሉ ሰመመን የተሠራላቸው ኋላ ለተጨማሪ ኦፕራሲዮን የሚመለሱት ያነሱ እንደሆኑ አሳየ። ሁለቱ የሚጋጩ አይመስለኝም። ቀላል ስብራት በየትኛውም መንገድ ይቃናል፤ ግድግዳው የታጠፈበትን ሰው ነቅቶ እያለ በአውራ ጣት ለመጨረስ መሞከር ግን ዞሮ ዞሮ ወደ ኦፕራሲዮን ያመጣዋል።

በአገራችን ሁኔታ ሚዛኑ ትንሽ ይለያል። የሙሉ ሰመመን ባለሙያና የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ለወሊድና ለከባድ አደጋ ይቀደማሉ፤ ከአንገት በላይ ሐኪሞችም በብዛት ያሉት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። አፍንጫው የተጣመመ ወጣት ወረፋ ሲጠብቅ ሁለቱ ሳምንት ያልፋል። ወጌሻ ዘንድ የሚሄድም አለ፤ ለወለምታ የሰለጠነ እጅ ግን የመሐል ግድግዳውን በመብራት አያይም፣ የተቋጠረ ደምም አያወጣም። በእንዲህ ያለ ቦታ ብልቃጥ ሊዶካይን፣ ጎዝና አሥር ደቂቃ ያለው ሐኪም ብዙ ሰው ያድናል። ኬታሚን የተባለው የሰመመን መድኃኒት በየሆስፒታሉ ስላለ እሱን መስጠት ያጓጓል፤ ደም ወደ ጉሮሮ በሚወርድበት ሥራ ላይ ግን ምራቅ ማብዛቱና አንዳንዴ ማንቁርትን መዝጋቱ ያሳስባል፤ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት የሚችል ሰው አጠገብ ከሌለ ባይነካ ይሻላል።

የሊዶካይኑ ድንዛዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይለቅቃል። ፓራሲታሞል ከመልቀቁ በፊት ይዋጣል፤ ጉሮሮው እስኪነቃ ድረስ ደግሞ ትኩስ ነገር አይጠጣም፣ ምግብም ይቆያል። የአድሬናሊኑ ኃይል ሲያልቅ ጥቂት መድማት ሊመለስ ስለሚችል አፍንጫን መናፈጥ ክልክል ነው። አፍንጫው ላይ የተለጠፈው መደገፊያ ለሳምንት ያህል ይቆያል፤ ኳስ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ይቀራል። መደገፊያው ሲነሣ አሁንም ጠማማ ሆኖ የተገኘ አፍንጫ ግን እንደገና አይገፋም። ሰውየው አጥንቱ እስኪጠና ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠብቃል፤ ያኔ የሚሠራለት አጥንቱን እንደገና ቆርጦ የሚያስተካክል ኦፕራሲዮን ነው፣ ለዚያም አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል።